እትዬ ማሻሻያና የተዘጋው በር

በእኔ ክፍልና በእትዬ ማሻሻያ ክፍል መካከል የነበረው ግድግዳ፣ ግድግዳ ተብሎ የሚጠራ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ክፍል ሲያጥረው አንዱን ሰፊ አዳራሽ በኮምፖርሳቶ ለሁለት ከፈለውና በአንዱ እኔ ሒሳብ፣ በሌላው እሳቸው ታሪክና ሥነ ዜጋ እንድናስተምር ተመደብን። ኮምፖርሳቶ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይጋርድም። ለብዙ ዓመታት የእሳቸውን ትምህርት ሳልመዘገብ ተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼም እንደዚሁ። አንድ ቀን አንዱን አስነሥቼ «ኤክስ ስንት ነው?» ብለው፣ ልቡ ወዲያ ማዶ ነበረና «በድምፅ ብልጫ ይወሰን» ብሎኛል።

ማሻሻያ የሚለው ስም የተማሪ ስጦታ ነው። ከሚያስተምሩት ምዕራፍ ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት የግዛታችን ሕገ መንግሥት እንዴት እንደተሻሻለ የሚናገረውን ነበርና፣ ስሙ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ቀረ። እኛ መምህራኑ ደግሞ «እትዬ» ጨመርንበት። ሲነግሯቸው አልተቆጡም። «ክፉ ስም አይደለም፤ ‹እትዬ እንዳለ ይቅር› ከምባል ይሻላል» አሉ። ባለቤታቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ፤ ስሙን ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። «የቤቱን ቢያዩ ምን ሊሉ ነው? ትናንት የተስማማንበት ሁሉ ዛሬ ረቂቅ ነው» ይሉ ነበር።

አጭር ናቸው። የሰሌዳው ጫፍ ላይ ስለማይደርሱ የሚጽፉት ሁሉ ከመሐል ወደ ታች ነው፤ ኋላ የሚቀመጡ ልጆች አንገታቸውን እያሰገጉ ይገለብጣሉ። ከቀሚሳቸው በላይ ጠመኔ እንዳያቆሽሻቸው ሰማያዊ ጋዎን ይደርባሉ። ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው ጋር የሚተዋወቅ አይመስልም፤ እንኳን ኮምፖርሳቶ ድንጋይም አያቆመውም።

የመማሪያ መጽሐፉ ስለዚያ ታሪክ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ሕገ መንግሥቱ ከዘመኑ ጋር እንዲራመድ ተሻሽሏል» ይልና ወደ ሌላ ምዕራፍ ይሻገራል። ሌላ አስተማሪ አንብቦ ያልፈዋል። እሳቸው እዚያ ሲደርሱ መጽሐፉን ይዘጋሉ።

«‹ተሻሽሏል› ይላል። ማን አሻሻለው?»

«መንግሥት» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

«መንግሥት እጅ አለው? እስክሪብቶ ይይዛል? ሰው ንገሩኝ።»

ልጆቹ የየራሳቸውን መጽሐፍ ይገልጣሉ፤ ስም የለበትም።

«ዳቦው ተጋግሯል ካላችሁ ጋጋሪ አለ። ልብሱ ተሰፍቷል ካላችሁ ሰፊ አለ። ሕግ ብቻውን ሌሊት ተነሥቶ ራሱን አይሰፋም። ስለዚህ ሰዎቹን እንፈልጋለን።»

ታሪኩ፣ እኔ በግድግዳው በኩል እንደተማርኩት፣ እንዲህ ነው። የድሮው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቶች የሚሰበሰቡት «ሊቀ መንበሩ እንዳዘዘ» ነው ይል ነበር። ሊቀ መንበር ደግሞ ሁልጊዜ የሚያዘው በሩ እንዲዘጋ ነው። ሰዉ የተወሰነበትን የሚያውቀው ሲፈጸምበት ነበር፤ ገበያው እንደሚነሣ ዶዘሩ ሲመጣ፣ የቧንቧው መሥመር እንደዞረ ባልዲው ባዶ ሲቀር። ብሶቱ ሞልቶ ሲፈስ ሕጉን የሚያሻሽሉ ሰዎች ከየከተማውና ከየገጠሩ ተመረጡ። ያን ሁሉ ሰው የሚችል አዳራሽ ስለጠፋ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። በረቂቁ ላይ «የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተጻፈ። በዚች ላይ ለቀናት ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ከኋላ ወንበር ተነሥተው «በዳኝነት በኖርኩበት ዘመን፣ ‹ይችላል› የምትለዋን ቃል ይዞ መጥቶ የረታ ድሃ አላየሁም» አሉ። በጥቂት ድምፅ ብልጫ ቃሉ ተለወጠ። «ክፍት ይሆናል» ተባለ።

እትዬ ማሻሻያ ግን ይህን መጨረሻ ለልጆቹ አስቀድመው አይነግሩም። ወንበሮቹን እንደ ሲኒማ ቤት በረድፍ ያስደረድራሉ፤ ልጆቹን እንደራሴ ያደርጓቸዋል፤ ረቂቁን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው የሉም። ልጆቹ ተከራክረው፣ ተነታርከው፣ ድምፅ ሰጥተው ይወስናሉ። በየዓመቱም ልጆቹ እንደ እነዚያ ሰዎች «ክፍት ይሆናል» ብለው ይወስናሉ፤ ያኔ እሳቸው የዳኛውን ንግግር ይነግሯቸዋል፤ ልጆቹም በራሳቸው ኮርተው ይወጣሉ።

አንድ ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

በዚያ ክፍል የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነበረች። ጠዋት አባቷን ረድታ ስለምትመጣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ሰው ሲጮህ ደግሞ ይበልጥ ቀስ ትላለች። ከወዲያ በኩል የቆመው ጓደኞቹ «ጠበቃው» የሚሉት ልጅ ነበር። እሱ ስለ ምሳ ሰዓት ሲያወራ እንኳ ችሎት የቆመ ይመስላል።

ጠበቃው በሩ ይከፈት ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። ልጅቷ ጨርሶ እስኪቀመጥ ጠበቀችው።

«ቤታችን ውስጥ» አለች፣ «አባቴና እናቴ ስለ እኛ ሲመካከሩ በር ይዘጋሉ። ክፉ ስለሚያስቡ አይደለም። ሰው ፊት የተናገሩትን መልሶ መዋጥ ይከብዳል። በር ተዘግቶ ግን አባቴ ‹አይሆንም› ብሎ ገብቶ ‹እሺ› ብሎ ይወጣል። በሩ ተከፍቶ ቢሆን ለክብሩ ሲል ‹አይሆንም› እንዳለ ይቀር ነበር። እኔ አንዳንዴ ይዘጋ ነው የምለው። ‹ሊሆን ይችላል› ይበቃል።»

እኔ ማዶ ሆኜ ጠመኔ እንደያዝኩ ቀረሁ። ተማሪዎቼም እንደዚሁ፤ ማንም ወደ ሰሌዳው አያይም። ድምፅ ተሰጠና ልጅቷ አሸነፈች።

ደወል ሲደወል በሩ ላይ ተገናኘን። «እትዬ፣ ዘንድሮስ ተሸነፉ» አልኳቸው።

«እኔ እንደራሴ አይደለሁም፤ ምን ቤት ነኝ» አሉ ጠመኔያቸውን እያራገፉ። «ወስነዋል። የወሰኑትን ይኖሩበታል።»

እውነትም አኖሯቸው። በማግስቱ ክፍሉ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ እንዲመርጥ አደረጉ፤ ልጅቷ ሰብሳቢ ሆነች። ኮሚቴው ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መቼ ክፍል እንደሚጠርግ ይወስናል። ስብሰባውም እነሱ ባወጡት ሕግ መሠረት «ክፍት ሊሆን ይችላል»። ኮሚቴው ኳስ ቤት የምንለው፣ የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

የመጀመሪያው ውሳኔ መልካም ነበር፤ ማንም አላጉረመረመም። በሁለተኛው ውሳኔ የኮሚቴው አባላት «ሥራ ስለሚበዛባቸው» ከመጥረግ ነፃ ሆኑ። በሦስተኛው ደግሞ በመስኮት በኩል ያሉት፣ ነፋስ የሚገባባቸው ወንበሮች ለኮሚቴው ሆኑ። ያን ቀን ኮምፖርሳቶው ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ሰሌዳዬን በእጄ ደግፌአለሁ። ጠበቃው ኳስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ መያዙን፣ ኮሚቴውም እሱን «ለመቅጣት» ዝግ ስብሰባ መጥራቱን የሰማሁት በዚያ ጫጫታ መሐል ነው።

እትዬ ማሻሻያ ጥጋቸውን እንደያዙ ናቸው።

በመጨረሻ ልጅቷ ተነሣች። «ማናችንም ክፉ አላሰብንም» አለች። ድምፅዋ ከወትሮው ይበልጥ ዝቅ ስላለ ማዶ ሆነን ትንፋሻችንን ዋጥን። «አንዱ ‹ሥራ በዝቶብናል› አለ፤ ሌላው ‹እውነት ነው› አለ። ‹ኧረ ተው› የሚል ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እኔም አላልኩም። ሕጉ ይሻሻል። ክፍት ይሆናል ይባል። ግን የአንድ ልጅ የቤቱ ችግር የሚነሣ ከሆነ ይዘጋ፤ እሱን መቼም በሰው ፊት አናወራውም።»

ያን ጊዜ ነው እትዬ ማሻሻያ ከጥጋቸው የወጡት። የሲኒማ ቤቱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ነገሯቸው፤ የዳኛውን ንግግር፣ የድምፁን ልዩነት ሁሉ። ከዚያም «እነዚያ ሰዎች ‹የሰው የግል ጉዳይ ሲነሣ በቀር› የምትለዋን ሐረግ ለማግኘት ቀናት ፈጅቶባቸዋል። እናንተ ማንም ሳይነግራችሁ ደረሳችሁባት» አሏቸው። እሳቸው ተማሪ ማሞገስ አያውቁበትም። ከዚች የበለጠ ሙገሳ ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የአንዱ ተማሪ አባት ለዳይሬክተሩ አቤት አሉ። ልጄ የመልቀቂያ ፈተና ደርሶበት ኳስ ቤት ውስጥ ምክር ቤት ይጫወታል ነው ነገሩ። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ወቀሳቸው ግን ሁልጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ነው። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሻይ ይዘን ሳለን ገቡ።

«እትዬ፣ ሳምንታት ሙሉ በአንድ ቃል ላይ?»

«በሁለት ቃል ነው» አሉ እትዬ ማሻሻያ።

ሁላችንም ሻያችንን አየን።

«መጽሐፉ አንድ መሥመር ነው የሚለው። ፈተናው የሚጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ካልረሱት።»

«ፈተናውን ያልፋሉ። የቀረውን ምዕራፍ ጠዋት ከሰልፍ በፊት አስተምራቸዋለሁ፤ አንድም ገጽ አላጎድልም። ይህን ግን አላሳጥረውም። እርስዎም ቢሆኑ በልጅነትዎ የተማሩትን አብዛኛውን ረስተውታል፤ የተጣሉበትን ግን አይረሱም።»

ዳይሬክተሩ ሳቃቸው መጣ። «ጠዋት ከሰልፍ በፊት» አሉና ተስማሙ። እትዬም ቃላቸውን ጠበቁ። ብርድም ይሁን ዝናብ፣ ግቢው ገና ጭር ባለበት ሰዓት የእሳቸው ክፍል መስኮት ክፍት ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ፈተና ለማረም ቀረን። ለምን በዚች ምዕራፍ እንዲህ እንደሚጨክኑ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር» አሉኝ። «አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካሉት ሱቆች አንዷ የእሱ ነበረች። ሱቆቹ ሊነሡ ነው የሚል ወሬ መጣ። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ቀን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ሄደና ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ውስጥ ሰው ሲያወራ ይሰማል፤ የሚለው ግን አይለይም። የምክር ቤቱ ሰዎች በጓሮ በር ወጥተው ሄደዋል። አባቴ ነገሩ እንዳለቀ ያወቀው ዘበኛው መብራት ሲያጠፋ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የስፌት መኪናውን ደረጃ ሥር አስገብቶ ቤት ይሰፋ ጀመር። ደንበኛ ደረጃ ሥር ተጎንብሶ አይለካ። ኋላ ሕጉ ይሻሻላል ተብሎ ሰዎች በየከተማው እየዞሩ የሕዝቡን ቃል ሲሰሙ፣ አባቴ ለመናገር ተመዘገበ። እኔ ያኔ ኮረዳ ነኝ። ማታ ማታ ንግግሩን ሲለማመድ እሰማዋለሁ፤ ረጅም ነው፣ ያምራል። ቀኑ ደርሶ ሲጠሩት የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። ‹በሩ ይከፈት› አለና ተቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ሳስበው ግን፣ እንደ አባቴ ያለ ስንት ሰው በየአዳራሹ እንዲህ ብሎ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? ያ ሁሉ ተደምሮ ነው ሲኒማ ቤት የደረሰው። ‹ተሻሽሏል› ሲሉኝ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።»

«ይህን ለልጆቹ ቢነግሯቸው እኮ…»

«በፍጹም» አሉ። «የአባቴን ነገር ካወራሁላቸው አዝነውልኝ ይስማማሉ። እኔ እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። እንዲከራከሩኝ ነው የምፈልገው።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ማረማቸውን ቀጠሉ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሌላ ወሬ መጣ። ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት ግቢ ለከተማው አውቶቡሶች ማቆሚያ ሊሰጥ ነው ተባለ። ምክር ቤቱ በሳምንቱ ይሰበሰብበታል። ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ መልስ አልመጣም። ልጆቹ እትዬ ማሻሻያን ከበቧቸው።

«ቲቸር፣ እንሂድ?»

«እኔ አልልካችሁም። እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ መሪ አይደለሁም። አንቀጹን አንብቡ። መሄድ ከፈለጋችሁ ወላጆቻችሁን አስፈቅዱ፤ የሚሄድ ካለ እኔም እንደማንኛውም ሰው እሄዳለሁ።»

በዚያ ሰሞን እቤታቸው የነበረውን ክርክር ባለቤታቸው ነግረውኛል። መካኒኩ አውቶቡሶቹ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ማየት አንጀታቸውን ይበላዋል። «አንቺ፣ እኔ ደግሞ ማቆሚያ ያስፈልገኛል። አውቶቡሶቹን ጣራ ላይ ላቁማቸው?» ብለዋቸዋል። እሳቸውም «በሩ ተከፍቶ ይወሰን እንጂ ከተሸነፍኩ አንተው ጋ መጥቼ አለቅሳለሁ» ብለው መለሱ። መካኒኩም ሰው ናቸውና፣ አንድ አውቶቡስ ለመዞር ምን ያህል ስፋት እንደሚበቃው ለእኔ ነገሩኝ። እኔም ተማሪዎቼን ሜትር አስይዤ ግቢውን አስለካኋቸው። በጂኦሜትሪ ምዕራፍ ላይ ነበርን፤ ማንም አቤት አላለብኝም።

በቀኑ ምክር ቤት ሄድን፤ የእሳቸውም የእኔም ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅደው። እስከ ኮሪደሩ ድረስ በሰልፍ፣ እንደ ትምህርት ቤት። እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ ባለ ሁለት ተከፋች በር አለ፤ በሩ ፊት ዕድሜያቸው የገፋ ዘበኛ ቆመዋል።

«ዛሬ ዝግ ነው ልጆች። ታዝዣለሁ» አሉ።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እትዬ ማሻሻያ ዞሩ። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ጣራውን ያያሉ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

የጋጋሪው ልጅ ወደ ፊት ወጣች። «አባባ፣ እርስዎን ለማስቸገር አይደለም የመጣነው» አለች። «የግዛታችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ ሃያ ስድስት ‹የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል› ይላል። ‹ሊሆን ይችላል› አይልም። እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ‹ሊሆን ይችላል› ይባል ብዬ ተከራክሬ አሸንፌ ነበር። ከዚያ ኖርኩበትና አየሁት።»

«ልጄ፣ እኔ ሕጉን አላወጣሁትም፤ በሩን ነው የምጠብቀው።»

«እኛም የምንፈልገው ገብተው እንዲጠይቁልን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹና ገቡ። ሲወጡ ከኋላቸው ክራባት ያሰረ ጸሐፊ ነበር።

«ማን ነው የላካችሁ?»

«ማንም» አለ ጠበቃው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ምክር ቤቱ ለመዝጋት የሚያስችል ምክንያት ሊኖረው ይችላል» አለ ጸሐፊው።

«ሁለት ምክንያት አለ» አለች ልጅቷ። «አንዱ የሰው የግል ጉዳይ ሲነሣ፣ ሁለተኛው የደኅንነት ጉዳይ ሲሆን። የአውቶቡስ ማቆሚያ የማን የግል ጉዳይ ነው?»

ጸሐፊው ተመልሶ ገባ። ከበሩ ወዲያ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል፤ የሚለው ግን አይለይም። እትዬ ማሻሻያን በዓይኔ ፈለግኳቸው። ጣራ ማየታቸውን ትተው በሩን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ተጣብቋል።

የበሩ ሁለቱም ተከፋች ተከፈተ።

ወንበር ስላልበቃ ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የነበረው ሰውዬ ቀጥ አለ። ጋዜጣ ያነብ የነበረው አጠፈው። ይናገር የነበረው ደግሞ ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በዚህኛው «ያ ባዶ ግቢ» ማለቱን ትቶ «ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት ግቢ» አለ። ሊቀ መንበሩ «ሕዝብ ማዳመጥ እንጂ መናገር አይችልም» ብለው አስጠነቀቁ። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ፤ ይህም ሕግ እንደሆነ ያውቃሉ። አንዲት የምክር ቤት አባል ግን «በቀን ስንት ልጅ ይጠቀምበታል?» ብለው ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። ሴትዮዋም መምህሯ እንዲጠየቁ ሊቀ መንበሩን አስፈቀዱ።

«እኔ ብናገር አስተማሪ ስለሆነች ነው ይባላል» አሉ እትዬ ማሻሻያ። «የሚገቡበት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ጠይቁ።»

ልጅቷ ነገረቻቸው፤ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ቤታቸው መብራት የሌላቸው ልጆች የት እንደሚያጠኑ። ከዚያ ከእኔ ተማሪዎች አንዷ ግቢውን የለካንበትን ሥዕል ዘረጋች። አውቶቡሶቹ በአጥሩ ጎን ያለውን ቦታ ቢወስዱ እንደሚበቃቸውና ቤተ መጻሕፍቱ እንደማይነካ አሳየች። ሰዎቹ ሥዕሉ ላይ አጎነበሱ። ክርክሩ ረዘመ፤ አንዳንዱም ተቆጣ። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ። አጥሩ ጎን ያለው ቦታ ለአውቶቡስ ሆነ፤ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ቀረልን።

ስንወጣ ጠበቃው አኩርፏል። «ሜዳችን እኮ ሄደ» አለ።

«ሄደ» አሉ እትዬ ማሻሻያ። «ግን ማን እጁን እንዳወጣ አይተሃል። በሚቀጥለው ምርጫ አባትህ ይጠይቅሃል፤ ትነግረዋለህ።»

በማግስቱ ክፍል ገብተው ያንን ሁሉ እንዳልሆነ ነገር አለፉት። ልጅቷን ብቻ አስነሧት።

«አንቀጹን ሃያ ስድስት አልሽ። ሃያ ሰባት ነው። ከውጤትሽ ላይ አንድ ቀንሻለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ጠመኔ ልበደር ስገባ ግን እትዬ ማሻሻያን ባዶ ክፍል ውስጥ፣ እንደ ተማሪ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ» አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ኩራት ነው መሰለኝ። እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።»

ፈተናውን ልጆቹ በደኅና አለፉት። ስለ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አንድም ጥያቄ አልወጣም። ዳይሬክተሩ ይህን ሊነግሯቸው ሲመጡ እሳቸው ቀድመው ሰምተው ነበርና «ይሻላል፤ በአንድ ጥያቄ ባያሳንሱት» አሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ መጽሐፍ ታተመ። ገልጠን አየን። «ተሻሽሏል» ይላል። እኔ ተናደድኩ፤ እሳቸው ግን «ተወው፣ ሁሉን ጽፈው ሥራ አሳጥተውኝ ቢሆን ነበር የምቀየመው» አሉ።

የጋጋሪውን ልጅ ሕግ ትማራለች ብለን ስንጠብቅ፣ ዳቦ ቤቱን ተረከበችና አሰፋችው። ሰው «ትልቅ ቦታ ትደርሳለች ያልናት ልጅ ዳቦ ትጋግራለች» ሲል፣ እትዬ ማሻሻያ ይቆጣሉ። «ዋጋ ከመጨመሯ በፊት ሠራተኞቿን ሰብስባ ታማክራለች። ከዚህ ወዲያ ምን ትልቅ ቦታ አለ?» ይላሉ።

እሳቸው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ቀን ሁሉ ይሄዳሉ፤ ሕዝብ የሚቀመጥበት የፊት ረድፍ ላይ፣ ዳር ያለችው ወንበር የእሳቸው ሆና ቀርታለች። ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ናቸው። ከምክር ቤቱ አባላት ሁለቱ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስለሆኑ፣ ሲናገሩ ሳያስቡት ወደ እሳቸው እያዩ ቃል ያስተካክላሉ ይባላል።

ባለፈው ወር እኔም አብሬአቸው ሄጄ ነበር። የሰፈራቸውን መንገድ መብራት የሚመለከት ጉዳይ ነው፤ እሳቸው በጽሑፍ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ክርክሩ በትክክል ተካሄደ፤ ሐሳባቸውም ወደቀ። ስንወጣ ላጽናናቸው ቃል ፈለግሁ። ኮቴያቸው ግን ከእኔ ይፈጥናል።

«አዝነዋል?» አልኳቸው።

«ለምን አዝናለሁ?» አሉ ደረጃውን እየወረዱ። «ተሸንፌአለሁ። ግን ሲያሸንፉኝ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።»

ከዚያ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ገባን። እስከ ምሽት ድረስ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርቡትን ሐሳብ ሲያወሩልኝ አመሹ።